የፖቶማክ ሁለት ዳርቻዎች፦ የፖለቲካ ክፍፍል በሕዝብ ጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት እንዴት ይለካል?

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።)

መግቢያ

የአሜሪካ ርዕሰ ከተማ ዋሽንግተን በፖቶማክ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከወንዙ ወዲህ ሜሪላንድ፣ ከወንዙ ወዲያ ደግሞ ቨርጂንያ የተባሉ ክፍለ ግዛቶች ይገኛሉ። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂንያዋ አሌክሳንድርያ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ውድ አንባቢ፣ እስቲ ለጊዜው ሁለት ሰዎችን በምናባችን እንፍጠር። ሁለቱም ዕድሜያቸው 57 ዓመት ነው። ሁለቱም የአሜሪካ ዜግነት ያገኙ፣ ልጆቻቸውን አሳድገው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በመኪና ማቆሚያ ስፍራ ለግማሽ ቀን እየሠሩ በዓመት 10,000 ዶላር የሚያገኙ ናቸው። ሁለቱም የደም ግፊት አለባቸው። አንደኛው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሁለተኛው በአሌክሳንድርያ ይኖራል።

በ2014 የመጀመሪያው ሰው ለድሆች በተዘጋጀው ሜዲኬይድ በተባለው የመንግሥት የጤና መድን ውስጥ መግባት ይችል ነበር። ሐኪም ያየዋል፣ መድኃኒቱን ያገኛል። ሁለተኛው ግን ለሜዲኬይድ ብቁ አልነበረም፤ ከገበያ መድን እንዲገዛም የመንግሥት ድጎማ አይሰጠውም ነበር። ይህ ልዩነት እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ለአምስት ዓመታት ጸንቶ ቆየ። የሁለቱ ሰዎች በሽታ አንድ ነው፤ ገቢያቸው አንድ ነው፤ የፌዴራል መንግሥታቸውም አንድ ነው። የለያያቸው የየክፍለ ግዛቶቻቸው ፖለቲከኞች የወሰኑት ውሳኔ ብቻ ነበር።

ለመሆኑ ይህ ልዩነት በሰው ሕይወት ላይ ያስከተለው ውጤት ምን ያህል ነው? ጥያቄው የፖለቲካ ጥያቄ ሊመስል ይችላል። «ምን ያህል?» ብለን ስንጠይቅ ግን የመለኪያ ጥያቄ ይሆናል፤ የመለኪያ ጥያቄ ደግሞ የፊዚክስ መምህርንም ተማሪንም ይመለከታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማን ትክክል ማን ስሕተተኛ እንደሆነ መፍረድ አይደለም። የፖለቲካ ክፍፍል በጤና ላይ ያደረሰው ጉዳት እንዴት እንደተለካ፣ ለመለካትስ ለምን አስቸጋሪ እንደነበረ ማስረዳት ነው።

ከእድር የምንማረው ስሌት

የመድን ሐሳብ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። እድር ያለበት ሰው ሁሉ መድን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፦ ብዙዎች በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ መከራ የደረሰበት ሰው ከተጠራቀመው ይረዳል። ይህ አሠራር የሚያዋጣው ለምንድን ነው? መልሱ በቁጥር ብዛት ላይ የተመሠረተ ነው።

አንድ እድር 100 አባወራዎች አሉት፤ በየዓመቱም በአማካይ 4 ሐዘን ይደርስበታል እንበል። ሐዘን ግን በየዓመቱ በትክክል አራት እየሆነ አይመጣም። አንዱ ዓመት በሁለት ያልፋል፤ በሌላው ዓመት ስድስት ይሆናል። እርስ በርስ ያልተያያዙ ድንገተኛ ክስተቶች በአማካዩ ዙሪያ የሚዋዥቁት በአማካዩ ዳግም ዘር፣ ማለትም በስኩዌር ሩቱ ልክ ነው። በቤተ ሙከራ በጨረራ ቆጣሪ የሠራ ተማሪ ይህን ሕግ ያስታውሰዋል። የ4 ዳግም ዘር 2 ስለሆነ፣ የእድሩ ወጪ በየዓመቱ ከአማካዩ በ50 በመቶ ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለው እድር ካዝናው በድንገት ባዶ ሊሆንበት ይችላል።

አሁን ደግሞ 10,000 አባወራዎች በአንድነት ቢደራጁ ምን ይሆናል? አማካዩ 400 ሐዘን፣ መዋዠቁ ደግሞ የ400 ዳግም ዘር የሆነው 20 ይሆናል። ይህም ከአማካዩ 5 በመቶ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ዕጣ አሁንም አይታወቅም፤ የጋራው ወጪ ግን አስቀድሞ ሊገመት የሚችል ሆነ። መድን የሚባለው ነገር በአጭሩ ይኸው ነው፦ ለአንድ ሰው የማይታወቀውን አደጋ ለብዙዎች የታወቀ ወጪ ማድረግ።

ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ጤነኞቹ «እኛ አንታመምምና አናዋጣም» ብለው ከወጡ የቀሩት በሽተኞች ብቻ ይሆናሉ፤ አረቦኑም ይንራል። አረቦኑ ሲንር ከቀሩት መካከል ሻል ያለ ጤንነት ያላቸው በተራቸው ይወጣሉ። ስለዚህ የጤና መድን ጠላቱ በሽታ ብቻ አይደለም፤ መከፋፈልም ጠላቱ ነው።

ሕጉና የተሰነጠቀው ካርታ

አሜሪካ ለዜጎቿ ሁሉ የሚሆን አንድ ወጥ የጤና መድን የላትም። አብዛኛው ሠራተኛ መድን የሚያገኘው በአሠሪው በኩል ነው። በ1965 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን ሁለት የመንግሥት ፕሮግራሞች ተቋቋሙ፤ ሜዲኬር በዋነኛነት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት፣ ሜዲኬይድ ደግሞ ለድሆች። ሜዲኬይድን የፌዴራል መንግሥቱና ክፍለ ግዛቶች በጋራ ስለሚደጉሙት፣ ማን ይገባበታል የሚለው ጉዳይ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያይ ነበር። በብዙ ክፍለ ግዛቶች የሚያሳድገው ልጅ የሌለውና አካል ጉዳተኛ ያልሆነ ጎልማሳ የቱንም ያህል ድሃ ቢሆን ወደ ሜዲኬይድ አይገባም ነበር። በ2010 ከአሜሪካውያን 16 በመቶ ያህሉ ምንም ዓይነት የጤና መድን አልነበራቸውም።

በመጋቢት ወር 2010 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በተለምዶ «ኦባማኬር» የሚባለውን ሕግ ፈረሙ። በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ሕጉ የጸደቀው በ219 ድጋፍና በ212 ተቃውሞ ሲሆን፣ ከሪፐብሊካን ፓርቲ አንድም ድጋፍ አላገኘም። ሕጉ መድን የሌለው ሰው ቅጣት እንዲከፍል ያዝዝ ነበር፤ የዚህ ምክንያት ከላይ በእድሩ ምሳሌ ያየነው የጤነኞች መውጣት ነው። ከዚህም ሌላ ገቢያቸው ከድህነት መስመር 138 በመቶ የማይበልጥ ጎልማሶች ሁሉ ሜዲኬይድ እንዲያገኙ ይደነግጋል። ለዚህ ማስፋፊያ የሚወጣውን ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ሙሉ በሙሉ፣ በኋላም ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ 90 በመቶውን የፌዴራል መንግሥቱ እንዲሸፍን ተወሰነ።

በሰኔ ወር 2012 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል መንግሥቱ ክፍለ ግዛቶችን ወደዚህ ማስፋፊያ እንዲገቡ ማስገደድ እንደማይችል ወሰነ። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ ካርታ ለሁለት ተሰነጠቀ። ማስፋፊያው በጃንዋሪ 2014 ሲጀመር ግማሽ ያህሉ ክፍለ ግዛቶች ገቡበት፤ የቀሩት ከውጭ ቆሙ። ስንጥቁ በአብዛኛው የሁለቱን ፓርቲዎች መስመር የተከተለ ነበር።

ያልተቀበሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት ነበራቸው። ቀሪው 10 በመቶ ለክፍለ ግዛት በጀት ቀላል አይደለም፤ የፌዴራል መንግሥቱም ነገ ድርሻውን ቢቀንስ ሸክሙ በእኛ ላይ ይወድቃል፤ የማዕከላዊ መንግሥት ሥልጣንም ከልክ በላይ እየሰፋ ነው ይሉ ነበር። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ድሃው ዜጋ በየትኛው ክፍለ ግዛት እንደሚኖር እየታየ ሕክምና ሊነፈገው አይገባም ብለው ይከራከሩ ነበር። በክርክሩ መካከል ግን ሕጉ ያላሰበው ክፍተት ተፈጠረ። ሕጉ ሲረቀቅ እጅግ ድሃ የሆኑት ሁሉ ሜዲኬይድ ያገኛሉ ተብሎ ስለታሰበ፣ መድን ለመግዣ የሚሰጠው ድጎማ የተፈቀደው በመሠረቱ ከድህነት መስመር በላይ ላሉት ነበር። በዚህም ምክንያት ባልተቀበሉት ክፍለ ግዛቶች ከእነርሱ የተሻለ ገቢ ያላቸው ሲደጎሙ፣ የባሰባቸው ድሆች ሁለቱንም አጡ። የአሌክሳንድርያው ሰውችን የወደቀው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

የመለኪያው ችግር

መድን ያላቸውንና የሌላቸውን ሰዎች ጤንነት በቀጥታ ማወዳደር ለምን አይበቃም? የመጀመሪያው ምክንያት መድን ያላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የተሻለ ገቢ፣ ትምህርትና ምግብ ያላቸው መሆኑ ነው። ጤነኛ ቢሆኑ መድኑ ይሁን ገቢያቸው ያመጣው መለየት ያስቸግራል። ሁለተኛው ምክንያት በተቃራኒው ይሠራል፤ ሰው ሲታመም መድን ለማግኘት ይበልጥ ይሯሯጣል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ መድን ያላቸው በሽተኞች ሆነው ይታያሉ። የመጀመሪያው ስሕተት መድንን ከሚገባው በላይ ጠቃሚ፣ ሁለተኛው ደግሞ ጎጂ ያስመስለዋል።

በቤተ ሙከራ ይህን ችግር የምንፈታው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ በመለወጥ ነው። በሰው ላይ ሲሆን ዘዴው ዕጣ ነው። ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከከፈልናቸው ሀብታሙም ድሃውም፣ ጤነኛውም ሕመምተኛውም በሁለቱ ቡድኖች ውስጥ በተመሳሳይ መጠን ይደለደላል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት፣ ከአጋጣሚ መዋዠቅ በስተቀር፣ የለወጥነው ነገር ውጤት ነው። ይሁን እንጂ መድንን ከሰው ላይ በዕጣ መከልከል ማን ይደፍራል?

የኦሪጎን ዕጣ

በ2008 የኦሪጎን ክፍለ ግዛት ችግር ገጠመው። ለድሃ ጎልማሶች ባዘጋጀው የሜዲኬይድ ፕሮግራም ለ10,000 ሰዎች ያህል የሚሆን ቦታ ነበረው፤ ተመዝግቦ የሚጠብቀው ሰው ግን ወደ 90,000 ይጠጋ ነበር። ባለሥልጣናቱ ፍትሐዊው መንገድ ዕጣ ማውጣት ነው ብለው ወሰኑ። ኤሚ ፊንከልስታይንና ካትሪን ቤይከር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህ ዕጣ ለሳይንስ ያለውን ዋጋ ተገነዘቡ። ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን መከታተል ጀመሩ።

በ2013 የታተመው ውጤት ሁለት መልክ ነበረው። መድን ያገኙት ሰዎች ሐኪም ዘንድ አዘውትረው ሄደዋል። ቤተሰብን የሚያራቁት ከባድ የሕክምና ወጪ ከሞላ ጎደል ጠፍቶላቸዋል። በድባቴ የሚሠቃዩትም ቁጥር 30 በመቶ ያህል ቀንሷል። በሌላ በኩል በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮልና በደም ውስጥ ባለው የስኳር መጠን ላይ፣ በሁለት ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ከአጋጣሚ ሊለይ የሚችል ለውጥ አልታየም። በ2014 የወጣ ተጨማሪ ውጤት ደግሞ ባለመድኖቹ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድን በ40 በመቶ ገደማ እንዳበዙ አመለከተ። መድን ያለው ሰው ቀድሞ ስለሚታከም ወደ ድንገተኛ ክፍል አይሄድም ብለው ለተነበዩት ይህ ያልተጠበቀ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። የሕጉ ተቃዋሚዎች የደም ግፊቱን ውጤት ይዘው «ሜዲኬይድ ጤና አይጨምርም» አሉ። ደጋፊዎቹ የድባቴውንና የወጪውን ውጤት ይዘው «ሜዲኬይድ ሕይወትን ይለውጣል» አሉ። ሁለቱም ከአንድ ወረቀት ላይ ግማሽ ግማሹን ቀደዱ። «ለውጥ አልታየም» ማለትና «ለውጥ የለም» ማለት ግን አንድ አይደሉም፤ ሁለቱን የሚለያቸው ምን እንደሆነ ቀጥለን እንይ።

ምልክትና ጫጫታ

ደካማ የሬዲዮ ጣቢያ ለማዳመጥ የሞከረ ሰው ድምፁ በጫጫታ እንደሚዋጥ ያውቃል። ጣቢያው አለ፤ መቀበያችን ግን ሊለየው አልቻለም። በሞት ቁጥርም እንዲሁ ነው። ለማስረዳት ያህል ብቻ የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ። መድን የሌላቸው 10,000 ጎልማሶች አሉ፤ በዓመት 1 በመቶው ማለትም 100 ሰዎች ይሞታሉ። መድን ያላቸው ሌሎች 10,000 ሰዎችም አሉ፤ መድኑ ሞትን በ5 በመቶ ስለሚቀንስ የሚሞቱት 95 ናቸው። ምልክቱ የ5 ሰው ልዩነት ነው። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት በአጋጣሚ የሚዋዥቀው ግን በድምራቸው ዳግም ዘር ልክ ነው። ድምራቸው 195 ስለሆነ መዋዠቁ 14 ገደማ ይሆናል። አምስቱ የተረፉ ነፍሶች በዐሥራ አራት ጫጫታ ውስጥ ተውጠው አይታዩም።

በእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሚሊዮን ሰው ቢኖርስ? ሟቾቹ 10,000 እና 9,500 ይሆናሉ፤ ምልክቱ 500 ነው፤ ጫጫታው ደግሞ 140 ገደማ ነው። አሁን ምልክቱ ከጫጫታው ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሆነ በግልጽ ይታያል። መድኑ ያው ነው፤ የሚያድነው የሰው ምጣኔም ያው ነው። የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ብቻ ነው። የኦሪጎኑ ጥናት ሞትን በተመለከተ ቁርጥ ያለ መልስ ሊሰጥ ያልቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው የቁጥር ማነስ ነው። እድርን ያጸናው የብዛት ሕግ ዕውቀትንም የሚያጸና መሆኑን ልብ ይሏል።

ያልተላኩት ደብዳቤዎችና ድንበሩ

ትልቁ ዓይን ከሁለት አቅጣጫ መጣ። የመጀመሪያው የግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያደረገው ነገር ነው። መሥሪያ ቤቱ በ2017 መጀመሪያ አካባቢ፣ መድን ስላልነበራቸው ቅጣት ለከፈሉ ቤተሰቦች መድን እንዴት እንደሚገኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ላከ። ብቁ የሆኑት 4.5 ሚሊዮን ያህል ቤተሰቦች ነበሩ፤ ገንዘቡ ለሁሉም ስላልበቃ ግን ወደ 600,000 የሚሆኑት በዕጣ ተለይተው ደብዳቤው ሳይደርሳቸው ቀረ። ጃኮብ ጎልዲንና ባልደረቦቹ በ2021 ያሳተሙት ጥናት ውጤቱን አሳየ። ደብዳቤው የደረሳቸው መድን በብዛት ገዙ፤ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 64 ከሆኑት መካከልም በሁለት ዓመት ውስጥ ለእያንዳንዱ 1,648 ሰው አንድ ሞት ቀነሰ። ይህ በዕጣ በተካሄደ ሙከራ የጤና መድን ሞትን እንደሚቀንስ የታየበት የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ያስገኘውም አንዲት ወረቀት ናት።

ሁለተኛው አቅጣጫ የተሰነጠቀው ካርታ ራሱ ነው። ፖለቲከኞች ሳያስቡት አገሪቱን የሙከራ ቡድንና የማነጻጸሪያ ቡድን አድርገው ከፍለዋት ነበር። ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን አጋጣሚ «ተፈጥሯዊ ሙከራ» ይሉታል። ክፍፍሉ በዕጣ ስላልሆነ ጥንቃቄ ያሻል። ስለዚህ የሚወዳደረው የሁለቱ ወገኖች የሞት መጠን ሳይሆን፣ ከ2014 በፊትና በኋላ በሁለቱም ዘንድ የታየው ለውጥ ነው። ሣራ ሚለር፣ ኖርማን ጆንሰንና ሎራ ዌሪ በዚህ ዘዴ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 64 የሆኑ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች አጠኑ። በ2021 ያሳተሙት ጥናት በተቀበሉት ክፍለ ግዛቶች ዓመታዊው የሞት መጠን በ9.4 በመቶ እንደቀነሰ አመለከተ። በእነርሱ ግምት ከ2014 እስከ 2017 በተቀበሉት ክፍለ ግዛቶች 19,200 ያህል ሰዎች ከሞት ተርፈዋል፤ ባልተቀበሉት ደግሞ መትረፍ ይችሉ የነበሩ 15,600 ያህል ሰዎች ሞተዋል።

በ2025 የወጣ ሌላ ጥናት 37 ሚሊዮን ያህል ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ጎልማሶች መርምሮ የሞት ቅነሳው 2.5 በመቶ እንደሆነ ገምቷል። ይህኛው ወጣቶችንም ስለሚጨምር ቁጥሩ ማነሱ አያስደንቅም። ሁለቱም ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ።

እነዚህ ቁጥሮች ስም የላቸውም። በአሌክሳንድርያ የሞተ አንድ ሰው የሞተው መድን በማጣቱ መሆኑን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። የፖለቲካ ክፍፍል ጉዳት ለብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጉዳቱ በቁጥር እንጂ በአስከሬን ላይ ተጽፎ አይገኝም።

ክፍፍሉ ወደ ልብ ሲገባ

እስከዚህ ያየነው ክፍፍሉ በሕግ በኩል ሲሠራ ነው። ሁለተኛ መንገድም አለው፤ እርሱም የዜጋው የራሱ ምርጫ ነው። የኮቪድ ክትባት በ2021 ለአሜሪካ ጎልማሶች ሁሉ በነፃ ሲዳረስ የሕግ ድንበር አልነበረበትም። ይሁንና ክትባት መውሰድና አለመውሰድ የፓርቲ ምልክት ወደ መሆን አዘነበለ። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኦሃዮና በፍሎሪዳ ከ538,000 በላይ የሚሆኑ ሟቾችን መዝገብ ከመራጮች መዝገብ ጋር አገናኝተው መረመሩ። በ2023 እንዳሳተሙት፣ ክትባቱ ለጎልማሶች ሁሉ ከተፈቀደ በኋላ ባሉት የ2021 ወራት፣ ከተለመደው በላይ የሆነው ሞት በሪፐብሊካን ተመዝጋቢዎች ዘንድ ከዴሞክራቶቹ በ43 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው የተከታቢው ቁጥር ዝቅተኛ በሆነባቸው አካባቢዎች ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥናቱ እያንዳንዱ ሟች መከተቡንና አለመከተቡን አያውቅም፤ ከሁለት ክፍለ ግዛቶችም ስለ አገሪቱ ሁሉ መናገር አይቻልም። ቢሆንም ቫይረስ የፓርቲ መታወቂያ እንደማይጠይቅ እያወቅን፣ ሞት በፓርቲ መስመር ሲለያይ ስናይ ምክንያቱን በሰው ሥራ ውስጥ መፈለጋችን ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

ስንጥቁ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በቨርጂንያ በ2017 በተካሄደው ምርጫ የምክር ቤቱ ሚዛን ሲለወጥ፣ ማስፋፊያው በ2018 ጸድቆ በጃንዋሪ 2019 ሥራ ላይ ዋለ። በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሪፐብሊካንን በሚመርጡት በአይዳሆ፣ በዩታና በነብራስካ በ2018፣ በሚዙሪና በኦክላሆማ በ2020፣ በሳውዝ ዳኮታ በ2022 ሕዝቡ ራሱ በቀጥታ ድምፅ ሰጥቶ ማስፋፊያውን ተቀብሏል። ዛሬ ከ50 ክፍለ ግዛቶች 40ዎቹ ተቀብለዋል። ቴክሳስን፣ ፍሎሪዳንና ጆርጂያን ጨምሮ 10ሩ ሙሉ በሙሉ አልተቀበሉም።

ነገሩ ግን አልተዘጋም። በጁላይ 2025 በጠባብ ድምፅ የጸደቀው ሕግ ብዙዎቹ የማስፋፊያው ተጠቃሚዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም ተመሳሳይ ግዴታ መፈጸማቸውን እስከ 2027 መጀመሪያ ድረስ ማስመዝገብ እንዲጀምሩ ያዝዛል። ተመሳሳይ ደንብ በአርካንሳስ በ2018 ተሞክሮ ነበር፤ ፍርድ ቤት እስኪያግደው ድረስ 18,000 ያህል ሰዎች መድናቸውን ሲያጡ፣ የሠራተኛው ቁጥር እንደጨመረ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ የሙከራው ውጤት በእጅ አለ፤ የቀረው የሚያነበው ሰው ነው።

በእኛም አገር ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አንዱ ወረዳ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ሲገባ የሚፈጠረው ልዩነት፣ መዝገቡ በጥንቃቄ ከተያዘ፣ ለነገዎቹ ተመራማሪዎቻችን ውድ ማስረጃ ይሆናል። ምናልባት ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ተማሪዎች መካከል አንዳችሁ ያን መዝገብ ትከፍቱ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሁለት ነገሮችን አትርሱ። መድንም ሆነ ዕውቀት የሚጸናው በብዛትና በአንድነት ነው። ከውጤቱም ለራሳችን ወገን የሚስማማውን ግማሽ ብቻ ቀዶ መውሰድ ከመለኪያው ራሱ ይበልጥ ያሳስታል።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1. አንድ እድር 400 አባወራዎች አሉት። በዓመት በአማካይ ከመቶው 4 አባወራ ሐዘን ቢደርስበት፣ የእድሩ ወጪ በየዓመቱ በስንት በመቶ ይዋዥቃል?

2. በአንድ ሆስፒታል መድን ያላቸው ሕሙማን ከሌላቸው ይልቅ በጠና ታመው ተገኙ እንበል። ከዚህ ተነሥቶ «መድን ያሳምማል» ማለት ለምን ስሕተት ይሆናል?

3. መድን ሞትን በ5 በመቶ ሳይሆን በ1 በመቶ ብቻ ቢቀንስ፣ ከላይ በሁለተኛው ምሳሌ እንዳየነው ምልክቱ ከጫጫታው ከሦስት እጥፍ በላይ እንዲሆን በእያንዳንዱ ቡድን ስንት ሰው ያስፈልጋል? (ፍንጭ፦ ምልክቱ በአምስት እጥፍ ቢያንስ የሰው ብዛት በስንት እጥፍ ማደግ እንዳለበት አስሉ።)